የሄይቲ ጦር ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረው መቼ ነው?

ከአሸዋ ሜዳ ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ዳር ለምንኖር ሰዎች ጦር ሰፈር ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ታጠቅ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ፣ በ1969 ዓ.ም. ሚሊሺያ የሰለጠነበት ሜዳ። በሄይቲ ዋና ከተማ በፖርቶፕሪንስ ግን የአገሪቱን ዕጣ ሲወስን የኖረው ጦር ሰፈር ከብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ ጀርባ ነበር። ስሙ ካዜርን ዴሳሊን ነው። ወታደሩ ከአልጋው ተነሥቶ ፕሬዚዳንቱ ደጅ ለመድረስ መኪና አያስፈልገውም።

ሰሞኑን ስለ ሄይቲ የሚወራው ሁሉ ከታጣቂ ወሮበሎች ይጀምራል። እኔ ግን ከጦሩ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። የሄይቲ ጦር ፖለቲካ ውስጥ የተዘፈቀው ጄኔራሎቹ ሥልጣን ስለወደዱ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ የሥልጣን ጥም ያልነበረበት የጦር አለቃ ደግሞ የትም የለም። ዋናው ነገር የጦሩ አሠራር ነው፦ ማን አቋቋመው፣ ለምን ሥራ፣ መሣሪያው የት ይቀመጥ ነበር፣ ገጠር ላይ ማንን ወክሎ ይቆም ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አገሪቱም ለኛ ባዕድ አይደለችም። ቤኒቶ ሲልቫን የተባለ የሄይቲ ሰው በ1897 እስከ አፄ ምኒልክ ግቢ ድረስ መጥቶ ባለሟል ለመሆን በቅቷል፤ በ1900 ለንደን ላይ በተደረገው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክሎ የተቀመጠውም እሱ ነው። ጣሊያን በወረረን ጊዜ፣ በ1935 የመንግሥታቱ ማኅበር ላይ፣ የሄይቲው ልዑክ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ተነሥተው ትልቅም ሆነ ትንሽ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር፣ ማንኛውም አገር አንድ ቀን የሌላው ኢትዮጵያ ሊሆን እንደሚችል እንዳይረሳ አስጠነቀቁ። ይህን ሲናገሩ የገዛ አገራቸው ከ19 ዓመት የአሜሪካ ወረራ ከተላቀቀች ገና አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ያውቁት ስለነበር ነው እንደዚያ የተናገሩት።

ወደ መነሻው እንሂድ። ሄይቲ ውስጥ ጦሩ ከመንግሥት ይቀድማል። በኦገስት 1791 የሰሜኑ ሜዳ ባሪያዎች የሸንኮራ እርሻዎቹን አቃጥለው ተነሡ። ቱሳን ሉቨርቱር ያን አመፀኛ ሕዝብ ወደ መደበኛ ጦር ቀየረው። ናፖሊዮን በ1801 መጨረሻ አማቹን ጄኔራል ሌክሌርን ከብዙ ሠራዊት ጋር ላከ፤ ቱሳን በተንኮል ተይዞ በፈረንሳይ ተራራማ ምሽግ ፎር ደ ዡ ውስጥ በኤፕሪል 1803 ሞተ። ሌክሌርን ራሱን ግን ቢጫ ወባ ገደለው፤ ከሠራዊቱም ትልቁን ክፍል የጨረሰው ያው በሽታ ነበር። የቀረውን ዣን ዣክ ዴሳሊን ኖቬምበር 18 ቀን 1803 ቬርቲዬር ላይ ድል አድርጎ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ጎናይቭ ከተማ ላይ ነፃነት አወጀ።

የዴሳሊን የ1805 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ጥሩ አባት፣ ጥሩ ልጅ፣ ጥሩ ባል፣ ከሁሉም በላይ ጥሩ ወታደር ያልሆነ ሰው ሄይቲያዊ ለመባል አይበቃም ይላል። አንቀጽ 28 ደግሞ የመጀመሪያው የማስጠንቀቂያ መድፍ ሲተኮስ ከተሞች እንደሚጠፉና ሕዝቡ እንደሚነሣ ይደነግጋል። ፈረንሳይ ትመለሳለች የሚለው ስጋት እውነተኛ ነበር። ለዚህ ነው ምሽጎቹ ከባሕር ዳር ርቀው ተራራ አናት ላይ የተሠሩት፤ ትልቁ፣ የአንሪ ክሪስቶፍ ሲታዴል፣ 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ይህ ጦር ፊቱ ወደ ውጭ ነበር።

ግን ዴሳሊን ራሱ በኦክቶበር 1806 ፖን ሩዥ ላይ በገዛ መኮንኖቹ ተገደለ። አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ ሰሜኑን ክሪስቶፍ፣ ደቡቡን አሌክሳንድር ፔቲዮን ያዙ፤ ሁለቱም ጄኔራሎች ናቸው። በ1820 ዣን ፒየር ቦይዬ አንድ አደረጋት፤ እሱም ጄኔራል ነው። በ1825 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሻርል 10ኛ 14 የጦር መርከቦች ልኮ ነፃነታችሁን የምቀበለው 150 ሚሊዮን ፍራንክ ስትከፍሉ ነው አለ። በ1838 ጠቅላላው ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ተደረገ። ዕዳው የሚከፈለው ከቡና ቀረጥ ነው፤ ያው ቀረጥ ደግሞ የጦሩም ቀለብ ነበር። ደመወዙ የተቋረጠበት ወታደር ክፍያ ቃል ወደሚገባለት ጄኔራል ያዘነብላል። በቀጣዩ ምዕተ ዓመት የሆነው ሁሉ እዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከ1843 እስከ 1915 ከነበሩት 22 መሪዎች አብዛኞቹ በኃይል ወረዱ። በተለይ ወደ መጨረሻው ላይ አገባቡ እንደ ሥርዓት ተለምዶ ነበር። ከሰሜን የሆነ የአውራጃ ጄኔራል ይሸፍታል። በካፕ ሃይሲየን ያሉ የውጭ ነጋዴዎች፣ በብዛት ጀርመኖች፣ ወንበሩን ሲይዝ ከግምጃ ቤት በእጥፍ ሊመልስላቸው ገንዘብ ያበድሩታል። በዚያ ገንዘብ በዶሚኒካን ድንበር አካባቢ ካኮ የሚባሉትን ታጣቂ ገበሬዎች ይቀጥራል። በጎናይቭና በሳን ማርክ በኩል ወደ ዋና ከተማው ይወርዳሉ። ሳን ማርክ ሲወድቅ ያለው ፕሬዚዳንት ጓዙን ጠቅልሎ መርከብ ይሳፈራል፤ ምክር ቤቱም የመጣውን ይመርጣል። ካኮዎቹ ድርሻቸውን ተቀብለው ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ። ሸፍቶ መንገሥ ለኛም ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ካሣ ኃይሉም ቴዎድሮስ የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ሄይቲን የጎዳት ድግግሞሹ ነው፦ እያንዳንዱ ግልበጣ አዲስ ዕዳ ይጨምራል፣ ዕዳው ግምጃ ቤቱን ያደርቃል፣ የደረቀ ግምጃ ቤት ካኮዎቹን መክፈል ሲያቅተው እነሱው ለሚቀጥለው ይቀጠራሉ። በኦገስት 1912 ፕሬዚዳንት ሌኮንት በቤተ መንግሥቱ ፍንዳታ ሞተ። በዲሴምበር 1914 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች ከብሔራዊ ባንኩ 500,000 ዶላር የሚያወጣ ወርቅ አንሥተው ወደ ኒውዮርክ ጫኑ። በጁላይ 28 ቀን 1915 ፕሬዚዳንት ቪልብሩን ጊዮም ሳም በእስረኞች ጭፍጨፋ በተቆጣ ሕዝብ ተገደለ፤ የአሜሪካዊው አድሚራል ኬፐርተን ወታደሮች በዚያው ዕለት ወደብ ላይ ወረዱ።

በርዕሱ ላይ ላለው ጥያቄ የእኔ መልስ እዚህ ነው፤ 1915። አሜሪካኖች የነበረውን ጦር በትነው በዚያው ዓመት ውል መሠረት ዣንዳርመሪ የሚባል አዲስ ኃይል አቆሙ። ወታደሮቹ ሄይቲያውያን፣ መኮንኖቹ አሜሪካውያን፣ የመጀመሪያው አዛዥ ስሜድሊ በትለር። መድፍ የለውም፤ ድንበር አይጠብቅም። ሥራው የከተማ ፖሊስነት፣ የገጠር ፀጥታ፣ እስር ቤት፣ መንገድ ማሠራት ነው። በትለር ተረስቶ የነበረውን የ1864 የገጠር ሕግ አንቀጽ አስነሥቶ ገበሬውን ያለ ክፍያ መንገድ አስቆፈረ። ሰው ከመንደሩ እየታፈሰ፣ በገመድ እየታሰረ፣ ከወረዳው ውጭ ይወሰድ ነበር። ከፖርቶፕሪንስ ካፕ ሃይሲየን የሚያደርሰው መንገድ በ1918 ተከፈተ፤ አመፁም በዚያው ዓመት ፈነዳ።

የአመፁ መሪ ሻርለማኝ ፔራልት ራሱ የቀድሞው ጦር መኮንን ነበር። አያያዙን ልብ ብሎ ማየት ይገባል። ዣን ባቲስት ኮንዜ የተባለ ሰው የሐሰት ሽፍታ ሆኖ ጫካ ገባና አመኔታውን አገኘ። ኦክቶበር 31 ቀን 1919 ሌሊት ሃኔከን የሚባል አሜሪካዊ መኮንን ፊቱን ጥቁር ቀብቶ፣ ከጥቂት ዣንዳርሞች ጋር የይለፍ ቃሉን እየሰጠ፣ አንዱን ጥበቃ ከሌላው እያለፈ ሰፈሩ ውስጥ ገብቶ ከቅርብ ተኩሶ ገደለው። ሬሳውን በር ላይ አስረው ፎቶ አነሡና ሕዝቡ ተስፋ እንዲቆርጥ በትነውት ሄዱ። ፎቶው ግን ስቅለትን አስመሰለው፤ እስከ ዛሬ ሄይቲዎች የሚያስታውሱት በዚያ መልክ ነው።

በ1928 ዣንዳርመሪው ጋርድ ዳይቲ ተባለ፤ በ1934 ለሄይቲ መኮንኖች ተላለፈ። አሜሪካኖቹ ሲወጡ የተውት መዋቅር ሁለት ጠባይ ነበረው። አንደኛ፣ የትእዛዝ ሰንሰለቱ በሙሉ ዋና ከተማው ላይ ይገናኛል፤ የሰሜን ጄኔራል ሸፍቶ የሚመጣበት ዘመን አበቃ። መንገዱም፣ ስልኩም፣ መትረየሱም ማዕከሉን በያዘው ሰው እጅ ነው። ሁለተኛ፣ ገጠር ላይ ያለው ብቸኛ የመንግሥት ሰው የጦሩ ሹመኛ ነው፤ ሼፍ ደ ሴክሲዮን ይሉታል። ከ500 በላይ ቀበሌዎች እያንዳንዳቸው አንድ ነበራቸው። የኛን ጭቃ ሹም፣ አጥቢያ ዳኛና ነጭ ለባሽ በአንድ ሰው ላይ ደርባችሁ አስቡት፦ ያስራል፣ ይዳኛል፣ ቀረጥ ይሰበስባል። ደመወዙ ኢምንት ነው፤ ረዳቶቹ ደግሞ ጭራሽ ስለማይከፈላቸው የሚኖሩት ከገበሬው ከሚቀበሉት ነው። ሹመቱን የሚሰጠው የወረዳው የጦር አዛዥ ስለሆነ አዛዡም ድርሻ አለው። ስለዚህ የጦሩን ሥልጣን መንካት ማለት ከላይ እስከ ታች የብዙ ሰው እንጀራ መንካት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ንድፍ ደጋግሞ ይመጣል። ፕሬዚዳንት ሌስኮ ሥልጣኑን ሊያራዝም ሞከረ፤ በጃንዋሪ 1946 ተማሪዎች አድማ ሲመቱ ላቮ፣ ሌቬልትና ማግሎዋር የሚባሉ ሦስት መኮንኖች አወረዱት። ተከታዩ ፕሬዚዳንት ኤስቲሜ ሕገ መንግሥቱን ሊያሻሽል ተነሣ፤ በሜይ 1950 ያው ሦስቱ አወረዱት። ማግሎዋር ራሱ ፕሬዚዳንት ሆኖ ጊዜው ሲያልቅ አልወርድም አለ፤ በዲሴምበር 1956 ጦሩ አልከተልህም ሲለው ሄደ። በ1957 ጦሩ እርስ በርሱ ተታኮሰ፤ ፊኞሌ የሚባለው የድሆች ተወዳጅ 19 ቀን ብቻ ገዝቶ ተባረረ። በሴፕቴምበር ጄኔራል ኬብሮ ባስፈጸመው ምርጫ ዶክተር ፍራንሷ ዱቫልየ ተመረጠ። ጦሩ ገራም የገጠር ሐኪም ያገኘ መስሎት ነበር።

ዱቫልየ ጦሩን እንዴት እንዳፈረሰው ለመረዳት የጁላይ 1958ን ሌሊት ማየት ይበቃል። አሊክስ ፓስኬ፣ ሁለት ሌሎች የቀድሞ የሄይቲ መኮንኖችና አምስት አሜሪካውያን ከፍሎሪዳ በጀልባ መጥተው ከዋና ከተማው በስተ ሰሜን ወረዱ። ስምንት ሰው ብቻ! በመንገድ ባገኙት መኪና ካዜርን ዴሳሊን በር ድረስ ደርሰው፣ እስረኛ ይዘን መጣን ብለው ዘቡን አታልለው ገቡ። የተኙትን ወታደሮች ማረኩ። ዕቅዱ ቀላል ነበር፦ የዚህን ሰፈር የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የያዘ ቤተ መንግሥቱን ይዟል። ግምጃ ቤቱን ሲከፍቱት ግን ዋናው መሣሪያ የለም፤ ዱቫልየ ቀድሞ ወደ ቤተ መንግሥቱ አሻግሮታል። ፓስኬ በስልክ እጅ ስጡ እያለ፣ ብዙ ጦር ያለው እየመሰለ፣ እስኪነጋ ቆየ። ከዚያ ከጓደኞቹ አንዱ ሲጋራ አማረውና አንዱን ምርኮኛ ግዛልኝ ብሎ ላከው ይባላል። የሱቅ መንገደኛው ሲያዝ ስንት ናቸው ተባለ፤ ስምንት አለ። ስምንቱም ተገደሉ።

ዱቫልየ ከዚህ የወሰደውን ትምህርት በተግባር አዋለው። መሣሪያውን ከወታደሩ ነጥሎ በቤተ መንግሥቱ ምድር ቤት አስቀመጠ። የዋና ከተማውን ሦስት ኃይሎች፣ ማለትም የቤተ መንግሥት ዘበኛውን፣ የካዜርን ዴሳሊንን ሻለቃና የከተማውን ፖሊስ፣ ከጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ አስወጥቶ እያንዳንዳቸውን በቀጥታ ለራሱ ተጠሪ አደረገ። ሦስቱ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። አዛዦችን ሥር ሳይሰዱ ጡረታ አወጣ፤ ኬብሮን ራሱን ገና በ1958 አሰናበተው። የጦር አካዳሚውን በ1961 ዘጋ፤ አብረው የተመረቁ መኮንኖች አብረው ያሴራሉና። በ1962 ቶንቶን ማኩት የሚባሉትን ታጣቂዎቹን በሕግ አቋቋመ፤ ቁጥራቸው ከጦሩ በለጠ፣ ብዙዎቹ ደመወዝ የላቸውም፣ ታማኝነታቸው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። በ1963 የአሜሪካንን የጦር አማካሪዎች አባረረ። በጁን 1967 ደግሞ 19 መኮንኖችን ፎር ዲማንሽ እስር ቤት አሰልፎ አስረሸነ፤ ተኳሾቹ የገዛ የሥራ ባልደረቦቻቸው ነበሩ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከፋ ነገር አላየሁም። ባልደረባውን የተኮሰ መኮንን ከዚያ በኋላ ማንን ያምናል? ማንስ ያምነዋል?

በኛ አገር፣ በኛው አቆጣጠር የታኅሣሥ 1953ቱን የክብር ዘበኛ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ያከሸፈው ሌላው የጦር ክፍል ነው፤ ተቋሙ ተከፋፍሎም ቢሆን እንደ ጦር ቆሞ ነበር። በዱቫልየ ሄይቲ እንደ ተቋም የቆመ ጦር አልቀረም፤ የቀረው እርስ በርስ የሚፈራራ የታጣቂ ስብስብ ነው።

ሥልጣኑን የወረሰው ልጁ ዣን ክሎድ በፌብሯሪ 7 ቀን 1986 አገር ጥሎ ሲሄድ የወጣው ይኸው ነው። ጄኔራል ናምፊ ሥልጣን ያዘ። የኖቬምበር 1987 ምርጫ መራጮች በተሰለፉበት በጥይት ተበተነ። ማኒጋ የሚባሉ ምሁር በፌብሯሪ 1988 ተሹመው በጁን ወረዱ፤ ናምፊም በሴፕቴምበር በጄኔራል አቭሪል ተተካ። በኤፕሪል 1989 የካዜርን ዴሳሊን ሻለቃና ሊዮፓርድ የሚባለው ክፍል በአቭሪል ላይ ተነሡ፤ አቭሪል አሸንፎ ሁለቱንም አፈረሳቸው። ሰፈሩ ቀረ፣ ሻለቃው ጠፋ።

በዲሴምበር 1990 ካህኑ ዣን በርትራንድ አሪስቲድ 67 በመቶ ድምፅ አገኙ። በበዓለ ሹመታቸው ዕለት ጠቅላይ አዛዡን ከጄኔራሎቹ ስድስቱን ጡረታ ያውጡልኝ ብለው በአደባባይ ጠየቁ፤ ቀጥለው ሼፍ ደ ሴክሲዮኖችን ከጦሩ አውጥተው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ለማድረግ ተንቀሳቀሱ። እርምጃው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ግን ከላይ ያለውንና ከታች ያለውን በአንድ ጊዜ ነክተው መሐሉን ከነመሣሪያው ተዉት። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1991 ጄኔራል ራውል ሴድራስና የከተማው ፖሊስ አዛዥ ሚሼል ፍራንሷ አወረዷቸው። ሼፍ ደ ሴክሲዮኖቹም ወዲያው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሦስት ዓመት አለፈ። በሴፕቴምበር 18 ቀን 1994 የአሜሪካ አየር ወለድ ጦር አውሮፕላን ላይ ሳለ ሴድራስ ሥልጣን ለመልቀቅ ከቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከጂሚ ካርተር ጋር ተስማማ፤ በማግሥቱ 20,000 ገደማ ወታደር ያለ ውጊያ መግባት ጀመረ። በሴፕቴምበር 24 ቀን ካፕ ሃይሲየን ላይ በተደረገ የደቂቃዎች ተኩስ 10 የሄይቲ ታጣቂዎች ሲሞቱ በሰሜን ያለው ጦር መለዮውን አውልቆ ጠፋ። አሪስቲድ በኦክቶበር ተመልሰው በ1995 ጦሩን በተኑ። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ያለው ጠቅላይ መምሪያ ለሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ተሰጠ።

7,000 ገደማ ሰው የነበረበትን ጦር መበተን በደመወዝ መዝገብ ላይ ቀላል ነው። የጎደለው ሌላው ነው። መሣሪያው አልተሰበሰበም፤ አሜሪካኖች ከባድ መሣሪያውን ወስደው ለቀላሉ ገንዘብ እንከፍላለን አሉ፣ ሰውም አሮጌውን ሸጦ ደህናውን ቀበረ። ከጦሩና ፍራፕ ከሚባለው የገዳይ ቡድን ቢሮ የተወሰደው 160,000 ገጽ ገደማ ሰነድ ለዓመታት ዋሽንግተን ቀረ፤ ዐቃቤ ሕግ ባዶ እጁን ቆመ። ሕጉም አልተነካም፦ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አገሪቱ ጦርና ፖሊስ የሚባሉ ሁለት ኃይሎች አሏት ይላል፤ ማሻሻያ ደግሞ በአንድ ምክር ቤት ታውጆ በተከታዩ መጽደቅ አለበት። ያ አልተደረገም። ስለዚህ የተበተነው ወታደር በሕግ ፊት አሁንም ወታደር ነኝ፣ ጡረታዬ የት አለ ማለት ቻለ። በምትኩ የተመለመለው ፖሊስ የ4 ወር ሥልጠና ወስዶ በ1996 መጀመሪያ 5,000 ገደማ ነበር፤ ለሚሊዮኖች አገር። ሼፍ ደ ሴክሲዮን የነበረበት ገጠር ግን ክፉውም ደጉም ሹም ሳይኖረው ቀረ። የደርግን ሠራዊት መበተን በዓይኑ ላየ ወይም ከአባቱ ለሰማ ያገሬ ሰው ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

በፌብሯሪ 2004 አመፅ ጎናይቭ ላይ ሲጀመር የቀድሞ ወታደሮች የድሮ መለዮአቸውን ለብሰው ከዶሚኒካን በኩል ገቡ፤ በወሩ መጨረሻ አሪስቲድ ወጡ። የተተካው መንግሥት ለወታደሮቹ የ10 ዓመት ውዝፍ ደመወዝ ሊከፍል ተስማማ። መሣሪያቸውን ግን አብዛኞቹ አላስረከቡም።

ፕሬዚዳንት ጆቨኔል ሞይዝ ጦሩን በ2017 መልሰው አቋቋሙ። በጁላይ 500 ገደማ ምልምሎች ተጠሩ፤ ዕቅዱ 5,000 ነበር። የመጀመሪያው ሰልፍ የተደረገው በቬርቲዬር በዓል፣ ኖቬምበር 18፣ ካፕ ሃይሲየን ላይ ነው። ሥራው ድንበርና የተፈጥሮ አደጋ ተባለ፤ የአመራሩን ቦታ የያዙት ግን የቀድሞው ጦር መኮንኖች ነበሩ። ሞይዝ በጁላይ 2021 ቤታቸው ውስጥ ተገደሉ። በማርች 2024 ወሮበሎች ዋና ከተማውን ሲከብቡ ያ ትንሽ ጦር ከፖሊስ ጋር የቱሳን ሉቨርቱርን አውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቅ ነበር። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የጦሩን ጠቅላይ አዛዥ ሹመት የሚያጸድቀው ሰኔቱ ነው፤ የመጨረሻዎቹ 10 ሰናተሮች የሥራ ዘመን ግን በጃንዋሪ 2023 ስላበቃ፣ ያን ጊዜ ሹመት የሚያጸድቅ አንድም የተመረጠ ሰው ወንበሩ ላይ አልነበረም።